መልቀቂያ ፍለጋ፦ በጎንደር ለሕፃናት የሚሠራ አንድ የበጎ ፈቃድ ክበብና የአዲስ አባል የመጀመሪያ ዓመት

በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ማምሻ ላይ፣ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ የመድኃኒት መደብር ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ያህል ሰዎች በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቀኑ የጾም ስለሆነ የቀረበው ቡናና ቆሎ ነው። ሰብሳቢው፣ በጡረታ የተገለሉ ርዕሰ መምህር፣ ስም መጥራት እንደጀመሩ ሁለት ሰዎች ዘግይተው ገቡ። ማንም ምንም ሳይላቸው አሥር አሥር ብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ልክ እንደ እድር ቅጣት። ያን ጊዜ ልቤ ወደ ክበቡ አዘነበለ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ያየሁትን ነው። የክበቡን ስም፣ የአባላቱንም ሆነ የልጆቹን ማንነት አልገልጽም። ስለ አንድ ልጅ በሰፊው እናገራለሁ፤ ይህንንም የማደርገው እሱን፣ እናቱንና አክስቱን አስፈቅጄ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ጎንደር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሆኜ በበጎ ፈቃድ ለሊስትሮ ልጆች ሒሳብ አስተምሬ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሊበተኑ ሲሉ፣ የመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ልጅ እጄን ይዞ «እትዬ፣ ሰኞም አለ?» አለኝ። አልነበረም። «የለም» ስለው ምንም አላለኝም፤ ሳጥኑን አንግቦ ሄደ። ክበብ እንዲያስፈልገኝ ያደረገው ያ ዝምታ ነው። ክረምት ሲያልፍ የማይበተን ነገር ውስጥ ለመግባት ፈለግሁ።

ከሮታሪ ሁለት ነገር፣ ከእድር ሁሉንም

ክበቡ በዚያን ጊዜ ሃያ ሦስት አባላት ነበሩት። ፋርማሲስት፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ አናጺ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። ይህ ስብጥር የታሰበበት ነው። ሰብሳቢው ክበቡን ሲመሠርቱ ሮታሪ ስለተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አገልግሎት ክበብ ያነበቡት በአእምሯቸው ነበር። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ በተባለ ጠበቃ አነሳሽነት በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ሲቋቋም አባላቱን ከየሙያው ነበር የሚመርጠው። ስሙንም ያገኘው ስብሰባው ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው በየተራ ይዞር ስለነበር ነው። ከእሱ በኋላ ኪዋኒስ በ1915 በዲትሮይት፣ ላየንስ በ1917 በዚያው በቺካጎ ተመሠረቱ። ከሦስቱ ለሕፃናት በማገልገል ይበልጥ የሚታወቀው ኪዋኒስ ነው። ነርሷ ይህን ክበብ በስም የምታነሳበት ምክንያት አላት፤ ኪዋኒስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ለማጥፋት ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። እትብት ባልጸዳ ምላጭ ተቆርጦ ጨቅላ ሲሞት ያየ ሰው፣ እናትየው በጊዜው ክትባት ማግኘቷ ምን እንደሚያተርፍ ያውቃል። አገራችን ይህን በሽታ በማጥፋት ደረጃ ላይ መድረሷ የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. ነው።

የእኛ ክበብ የእነዚህ የማናቸውም ቅርንጫፍ አይደለም። ከሮታሪ የወሰደው ሁለት ነገር ነው፤ አባላቱን ከተለያየ ሙያ መሰብሰብና በየሳምንቱ መገናኘት። የቀረው በሙሉ የእድር ነው። ስም ይጠራል፤ የዘገየ ይቀጣል፤ ወርኃዊ መዋጮ በደረሰኝ ይከፈላል፤ አዲስ ገቢ ዋስ ይጠራል። ከሁሉም በላይ፣ ገንዘብ የሰውን ቦታ አይተካም። በእድር ሕግ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ግዴታውን ተወጣ አይባልም፤ ቀብር ላይ በአካል መገኘት አለበት፤ ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ መቀመጥ አለበት። ጎንደር ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሰብሳቢው ለአዲስ እንግዳ የሚናገሩትም ይህንኑ ነው፦ «እኛ ዘንድ ብርህ ብቻውን አይመጣም፤ ይዘኸው ትመጣለህ።»

ለመግባት የተጠየቅሁት ቀላል አልነበረም። ሁለት አባላት ዋስ ሆኑልኝ፤ የቀበሌ መታወቂያዬን ቅጂ ሰጠሁ፤ የሕፃናት ደኅንነት ደንቡን አንብቤ ፈረምኩ። ደንቡ አንድ ገጽ ነው። ማንም አባል ከልጅ ጋር ብቻውን በዝግ ቦታ አይገናኝም፤ ልጅን ወደ ቤቱ አይወስድም፤ የልጅ ፎቶግራፍ አያነሳም፤ በግሉ ስጦታ አይሰጥም፤ የማይፈጽመውን ቃል አይገባም። ከዚያ ሦስት ወር በተመልካችነት መቀመጥ አለ። በእነዚህ ወራት ድምፅ አይሰጥም፤ ሐሳብም ሲጠየቁ ብቻ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በጎ ለመሥራት ይህን ያህል ደጅ መጥናት?» ብሎ ተቆጣልኝ። እኔም በመጀመሪያው ወር ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ደጁን ወለል አድርጎ የሚከፍት የሕፃናት ክበብ ያስፈራኛል። ልጅን ለመጉዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው በቀላሉ የሚገባበትን በር ነው፤ ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰውም ቢሆን፣ ሦስት ወር ዝም ብሎ መምጣት ያቃተው፣ በአራተኛው ወር ሊያምነው የጀመረን ልጅ ትቶ ይሄዳል።

የተመልካችነቱ ወራት

የተሰጠኝ ሥራ መዝገብ መያዝ ነበር። ክበቡ በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብተር፣ እስክርቢቶና የደንብ ልብስ ያድላል። በዚያ ዓመት ተራው የደረሳቸው አርባ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ግማሾቹ በከተማው ከእናቶቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከደምቢያ፣ ከበለሳና ከአርማጭሆ መጥተው ስድስት ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚያድሩ። ጫማ ይጠርጋሉ፣ ማስቲካና ሶፍት ይሸጣሉ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዕቃ ይሸከማሉ።

የዕደላው ቀን ያማረ ነበር። ልብስ ሰፊው አስቀድሞ የእያንዳንዱን ልጅ ልክ ወስዶ፣ ዓመቱን እንዲያዘልቅ ሰፋ ያለ ጠርዝ ትቶ ሰፍቶላቸዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት አንድ ጥቅል ጨርቅ ተገዝቶ ለሁሉም ተሰፍቶ እንደነበር፣ የየትምህርት ቤቱ ቀለም የተለያየ በመሆኑም ብዙዎቹ ሊለብሱት እንዳልቻሉ የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው እያንዳንዱን ልጅ «የት ትማራለህ?» ብሎ መጠየቅ የተጀመረው።

ከዕደላው በኋላ ግን ልጆቹን የሚከታተል ሰው አልነበረም። መዝገቡን ሳገላብጥ ከየዓመቱ የማገኘው የስም ዝርዝርና የግዢ ደረሰኝ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ኅዳር ላይ የት ነበሩ? ግንቦት ላይስ? ይህን በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሳብ ስጠየቅ፣ አነሳሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ ደብተሩን ስንቆጥር ኖረናል፤ ልጁን ግን አልቆጠርነውም» አሉ። ሰበብ አልደረደሩም። ከነርሷ ጋር ሆኜ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ እንድቆጥር በዚያው ምሽት ተወሰነ።

አዲስ መዝገብ አዘጋጀሁ። የልጁ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፈረቃው፣ የስም ጠሪ መምህሩ ስልክ፣ የአሳዳጊው ስልክ፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን»። ይህ የመጨረሻው ዓምድ የነርሷ ሐሳብ ነው፤ ከክትባት መዝገብ የወሰደችው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ዞረን ስንጨርስ ከአርባ አንዱ አሥራ ሁለቱ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። አራቱ ወደ ገጠር ለአጨዳ ሄደዋል። ሁለቱ ሰፈር ለውጠው ርቀዋል። አንዲት ልጅ ታማለች። አምስቱ ግን ከመጀመሪያውም አልተመዘገቡም ነበር። ደብተሩ አላቸው፤ የደንብ ልብሱን ለብሰው ፒያሳ ላይ ጫማ ይጠርጋሉ፤ ትምህርት ቤት ግን አልገቡም። ምክንያቱን ስንጠይቅ አምስቱም የመለሱልን አንድ ቃል ነው፦ መልቀቂያ።

ጫማው

ወደ መልቀቂያው ከመሄዴ በፊት ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ አለና።

ከአምስቱ አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ከደምቢያ የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ሒሳብ ሲሠራ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ። ክረምት ላይ «ሰኞም አለ?» ያለኝ እሱ ነበር። ጥቅምት ላይ ያረጀ ኮንጎ ጫማው ከጎን ተቀዶ አየሁና ደንቡን እያወቅሁ ጥሩ የሸራ ጫማ ገዝቼ ሰጠሁት። ሰውን ማስደሰት እንዴት ያጓጓል! ልጁም ደስ አለው።

በማግሥቱ ከቦታው ጠፋ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላየሁትም። ኋላ የባጃጅ ሾፌሩ ሳሙና በር አካባቢ አገኘው። ጫማውን የሰጠሁት ዕለት ማታ አብረውት የሚያድሩት ትልልቆቹ ልጆች ደብድበው ወስደውበት ነበር። የጠፋውም እነሱን ፈርቶ አልነበረም። «እትዬ ጫማውስ ብትለኝ ምን እላታለሁ?» ብሎ ነው።

ረቡዕ ዕለት ለሰብሳቢው እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «በራስሽ እጅ ጻፊው፣ ልጄ። የሚመጣው ሰው እንዲያነበው» አሉኝ። ጻፍኩት። በጎዳና ለሚውል ልጅ አዲስ ዕቃ መስጠት ከሌሎቹ ለይቶ ዒላማ ማድረግ መሆኑን ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ሁሉም የሚያገኙትን፣ በአንድ ቀን፣ በክበቡ ስም መስጠት ልጁን ከቅናትም ከዱላም ያድነዋል። ደንቡ የተጻፈው የአባላቱን ልግስና ለማፈን እንዳልነበር ገባኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው፣ ሌላ ልጅ ላይ፣ ይህንኑ አድርጓል።

መልቀቂያው

የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ወደ ሌላ ሲዛወር መልቀቂያ ያስፈልገዋል። ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ማለፍ አለማለፉን፣ የተዋሰውን መጽሐፍ መመለሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። ያለ እሱ አንመዘግብም የሚሉ ትምህርት ቤቶች ክፉ ሆነው አይደለም። ልጅ ሁለት ቦታ እንዳይቆጠር፣ አራተኛን ሳይጨርስ ስድስተኛ እንዳይገባ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሌሊት ተነስቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ከሠፈሩ ልጆች ጋር በጭነት መኪና ጎንደር የገባ ልጅ መልቀቂያ ከየት ያመጣል? ወረቀቱ የሚሰጠው ወላጅ ሲፈርም ነው፤ ወላጁ ያለው ገጠር ነው። ልጁ ተመልሶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ጠፍቶ የመጣ ነውና ያፍራል፤ ለመኪና የሚከፍለውም የለውም።

እነዚህን ልጆች ከትምህርት ገበታ ያራቃቸው የደብተር ማጣት ነው ብለን ለዓመታት አምነን ነበር። ደብተር ርካሹ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ሰብሳቢው ግን የደምቢያውን ልጅ መልቀቂያ ለማምጣት ስንነሳ አስቆሙን። «እናቱን ጠይቀናል?» አሉ። ጎንደር ውስጥ እንዲማር የወሰነው ማነው? እኛ ነን፤ እሱም ነው፤ እናቱ ግን የለችበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ሰብሳቢው ይህን ከርዕሰ መምህርነታቸው ዘመን ጀምሮ በቃላቸው ይዘውታል። ለልጁ የሚበጀው ምናልባት ወደ ቤቱ መመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዞው ወረቀት ለማምጣት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እናቱንም ለመጠየቅ ሆነ።

ከባንኩ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከልብስ ሰፊው ጋር ሄድኩ። እሱ ራሱ የደምቢያ ሰው ነው። በማለዳ ከመናኸሪያ ተነስተን በአዘዞ በኩል ወደ ቆላድባ ወረድን፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር። ጊዜው የመኸር ነው። ጤፉ እየታጨደ፣ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሜዳው ሁሉ ተከፋፍሏል። በአጨዳ ላይ ካሉት ግማሾቹ ልጆች ናቸው። በመዝገቤ ላይ «ለአጨዳ ሄደዋል» ብዬ የጻፍኩትን ቃል ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ማንም ልጁን ለመበደል አይደለም ከትምህርት የሚያስቀረው፤ እህሉ ከረገፈ ዓመቱን የሚበላ የለም።

እናቱ ከአጨዳ ላይ ተጠርታ መጣች። ልብስ ሰፊው ወግ ያውቃል፤ ስለ ልጁ ከመናገሩ በፊት የሠፈሩን ሰው፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቀ። ደኅና መሆኑን ሲነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለበትን አታውቅም ነበር። ይመለስ ወይ ስንላት ቶሎ አልመለሰችም። አባቱ ከሞተ በኋላ ከብት የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ ቢመለስ ያው ነው። «እዚህ ከመጣ እኔው ነኝ የማስቀረው» አለች። ይህን እውነት ለመናገር ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልግ እኔ አውቃለሁ አልልም። አዘዞ ውስጥ የምትኖር እህት እንዳላት፣ ጠላ እየሸጠች እንደምትተዳደር ነገረችን። «እሷ ዘንድ ከሆነ ይማር። ከእነዚያ ልጆች ጋር ግን አይደር።»

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ በትሕትና ተቀበሉን፤ ሮስተሩን አውጥተው ስሙን አገኙ። አራተኛን በጥሩ ውጤት አልፏል፤ አምስተኛን በመጀመሪያው መንፈቅ ተምሯል፤ ከዚያ «አቋርጧል» ይላል። ይሁንና ሦስት መጻሕፍት አልመለሰም። መጻሕፍቱ ካልተመለሱ መልቀቂያ አይጻፍም። እናቱ ወደ ቤት ሮጣ ሁለቱን አመጣች፤ በፌስታል ጠቅልላ ጣራው ሥር ሰክታ አቆይታቸው ነበር። ሦስተኛው፣ የሒሳቡ መጽሐፍ፣ የለም።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። በማግሥቱ ልጁን ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ከዚያ የሊስትሮ ሳጥኑን ከፈተ፤ ቡሩሹን አወጣ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አወጣ፣ ከሥር የተነጠፈውን ካርቶን አነሳ። መጽሐፉ እዚያ ነበር። ጠርዙ በጥቁር ቀለም ቆሽሿል፤ ገጾቹ ግን አልተነኩም።

ሁለተኛውን ጉዞ ለማድረግ ክበቡ ገንዘብ ማጽደቅ ነበረበት፤ ዓመቱን ሙሉ ከባድ የሆነብን ክርክርም የተነሳው እዚህ ላይ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት የሆነችው አባል ተቃወመች። ሰው ገንዘብ የሰጠን ለልጆች ነው፤ የሁለት ሰው የደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ስንት ደብተር ይገዛል? ሕዝብ ቢጠይቀን ምን እንላለን? ንግግሯ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ብዙዎችም ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከዩኒቨርሲቲ መምህራኑ አንዱ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011ን ጠቀሰ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ግን ለድርጅቱ ህልውና የሚወጣውን እንጂ ዓላማውን ለማስፈጸም የሚወጣውን አይደለም። ታዲያ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የተደረገ ጉዞ የቱ ነው? ገንዘብ ያዡ፣ ብዙ የማይናገረው ፋርማሲስት፣ «መድኃኒቱን ለማምጣት የከፈልኩት መኪና ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ነው የሚቆጠረው» አለ። በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

እኔ ተመልካች ነበርኩና ድምፅ አልሰጠሁም። ዛሬ ብጠየቅ ግን ያለማመንታት እጄን አነሳለሁ። ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ደብተር ማየት ይወዳል፤ ደብተር ይቆጠራል፣ ይደረደራል። መሳፈሪያ አይታይም። በዚያ ዓመት ከክበቡ ወጪ ሁሉ አንድን ልጅ በእርግጥ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው ግን ያ የማይታየው መሳፈሪያ ነው።

መልቀቂያው ታህሳስ መጀመሪያ ላይ እጃችን ገባ። አክስቱ አዘዞ ተቀበለችው። በአቅራቢያዋ ያለ ትምህርት ቤት በአምስተኛ ክፍል፣ በከሰዓት ፈረቃ መዘገበው። ጠዋት ጠዋት እዚያው አዘዞ ጫማ መጥረጉን አልተወም፤ እንዲተው አላስገደድነውም፤ ለአክስቱ የሚያዋጣው ስለሆነ ነው። የሌሎቹን የአራቱን መልቀቂያ ፍለጋ ለአባላት ተከፋፈልን። የሦስቱ ተገኘ። አራተኛው ልጅ ከዚያ በፊት ወደ መተማ አቅጣጫ ሄዷል ተባለ፤ ልናገኘው አልቻልንም።

ጥር 11

ጥምቀት ለጎንደር ሊስትሮዎች የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው። እንግዳ ይበዛል፤ ጫማ ይበዛል። ስለዚህ ከከተራው በፊት ባለው ሳምንት ክፍሎች ይሳሳሉ። በ2012 ደግሞ በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በሰፈረ በሳምንታት ውስጥ የመጣ ስለነበር ከተማው ከወትሮው ይበልጥ ሞልቶ ነበር።

ጥር 11 ጠዋት በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ወሬው እንደተሰማ ነርሷ ወደ ሥራዋ ሮጠች፤ እኔ መዝገቡን ይዤ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ያ የስልክ ዓምድ በዚያን ቀን ለምን እንደተሠራ ታወቀ። የባጃጅ ሾፌሩ ስልክ የሌላቸውን በየጥጉ ፈለጋቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ልጅ ስም ምልክት አደረግሁባት። ሁሉም ደኅና ነበሩ። ያን ሌሊት ስንት ቤት ለቅሶ እንደተቀመጠ እያሰብኩ ደስታዬን እንኳ ደፍሬ አልተደሰትኩም።

ከአራት ሰው በላይ

መጋቢት 7 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ረቡዕ ነበር፤ የስብሰባችን ቀን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በዚያው ዕለት ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ።

ብዙ ማኅበር በዚያ ወር ተበተነ። እኛ ሃያ ሦስት ነን። አምስት ቡድን በአራት በአራት፣ አንድ ቡድን በሦስት ሆነን ተከፈልን፤ እያንዳንዱ ቡድን ሰባት ሰባት ያህል ልጆችን ተረከበ። መዝገቡን በስድስት ገልብጬ አከፋፈልኩ። መዋጮው በባንክ መከፈሉን ቀጠለ። ቅጣቱ ብቻ ቀረ።

ለልጆቹ ግን ትምህርት መዘጋቱ ትንሹ ችግር ነበር። ጫማ የሚያስጠርግ ጠፋ። ሰው ከሰው ርቆ በሚቆምበት ጊዜ እግሩን ሳጥን ላይ የሚያሳርፍ የለም። የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ያቺው መሳፈሪያውን የተቃወመችው፣ የራሷ ደንበኛ ቀንሶባት ሳለ በየቀኑ እንጀራና ሽሮ አዘጋጅታ በቡድኖቹ በኩል ላከች፤ የሚያስፈልገውን ዱቄትና ሽሮ ክበቡ ገዛ። በዕድሜዬ ካየኋቸው ደጋግ ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ስለ ገንዘብ መጠንቀቋና ልቧ ለጋስ መሆኑ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው።

የመንግሥት ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ ከእኛ ልጆች አብዛኞቹ ሁለቱም አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ወደየገጠራቸው ተመለሱ። የደምቢያው ልጅም ሚያዝያ ላይ፣ አክስቱ ጠላ መሸጥ ስላልቻለች፣ ወደ እናቱ ሄደ። ሲሄድ መጻሕፍቱን በፌስታል ጠቅልሎ ያዘ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በልብስ ሰፊው ዘመድ ስልክ እናገኘው ነበር። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከብት ላይ ነኝ፤ ግን መጽሐፉን እይዘዋለሁ።»

ነሐሴ 19 ነርሷ ለሁላችንም መልእክት ላከች። አፍሪካ ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በዚያ ቀን ተረጋግጦ ነበር። ሮታሪ የፖሊዮ ዘመቻውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ቀኑ የመጣው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ። ያን ምሽት ሰብሳቢው ደውለው «ሠላሳ አምስት ዓመት ስም ሲጠሩ ማለት ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።

ጥቅምት 2013 ላይ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት ሲጀምሩ ክፍሏ ውስጥ ተራርቀን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ተሰበሰብን። መዝገቦቹ ተመልሰው አንድ ላይ ተገጠሙ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ አምስቱ ያሉበት ታወቀ። የደምቢያው ልጅ ከምዝገባው ሁለት ቀን ቀድሞ አዘዞ ገብቶ ነበር፤ ቁመቱ ጨምሮ፣ የደንብ ልብሱ ጠርዝ እስከ መጨረሻው ተፈትቶለት።

ከስድስቱ አራቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉና በስልክ እንዲፈለጉ ተመደበ። የቀሩት ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ ወደ በለሳ ተመልሰዋል፤ የሚደወልበት ስልክ የላቸውም። በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ የተጻፈው «ሚያዝያ 14» ነው። ሰብሳቢው ቀና ብለው «በለሳ ማን ይሄዳል?» አሉ። ልብስ ሰፊው እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ገንዘብ ያዡ መሳፈሪያውን ቆጥሮ ሰጠን፤ ደረሰኙን የፈረመችበት የምግብ ቤቷ ባለቤት ነበረች። መኪናው የሚነሳው በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው።